ከሳሽ ያልሽኝ ቀን

ደሴ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፈትሂያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ የፋብሪካ ጓደኞችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከደሴ ጉምና ብርድ በቀር ምንም አልሆንን። ባለቤቴ መሕሙድ ሰላም ብሎሻል። ልጄ ሀናንም «አክስቴን ሳሚልኝ» ብላለች።

«ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኬን የምትከፍተው ሀናን ናት። ባለፈው ወር ስለ ወገቤ ለጓደኛዬ የላክሁትን የድምፅ መልእክት ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት አስጮኸችው። ደግሞም እኔና አንቺ በስልክ እንዋሻለን። አትቆጪ፣ እንዋሻለን። በቪዲዮ ስንደዋወል ከአገጫችን በላይ ብቻ እየታየን «ኧረ እኔስ ቀነስኩ» ስንባባል ስንት ዓመታችን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመዘንኩ። ነርሷ «ጫማዎን ያውልቁ» አለችኝ፣ አወለቅኩ። ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ሰዓቴን፣ የአንገት ወርቄንም ሳይቀር። ያው ዘጠና አንድ። ስኳሬም ወጥቷል። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ አነጋገሩ ግን የሽማግሌ። «እናቴ፣ ረመዳን ሳይገባ ይህን ካላወረዱ መርፌ አስጀምርዎታለሁ። መርፌ ከጀመሩ ደግሞ ዘንድሮ መጾም የለም» አለኝ።

እናቴን ታስታውሻታለሽ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ረመዳኖች እኛ መግሪብን ስንጠብቅ እሷ ጓዳ ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ስትበላ አይቻታለሁ። ጉርሻውን በእንባ ነበር የምትውጠው። እኔ ያን አልችልም፣ ፈትዬ።

አንቺም በጓደኛችን በሰልዋ ሰርግ ዚፕሽ የተተረተረ ጊዜ «ወላሂ እቀንሳለሁ» ብለሻል። ሻርፕ ወርውሬ የሸፈንኩሽ እኔ ነኝ፣ አትክጂም። አብረን እንጀምር። እየተመዘንን በእጃችን ጽፈን እንላላክ። ደምለው በሚኒባሱ ያደርሰዋል። እሱ ሲያወራ እንጂ ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

እህትሽ ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘይቱና፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ የእናትሽንም ቀብር ኑር ያድርገው። ደብዳቤሽን ደምለው «ከእህትሽ ነው፣ ከባድ ነው» እያለ በፋብሪካው በር ላይ ሰጠኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፣ ብቻ ሳቀ።

ተስማምቻለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመዘንኩ፦ ሰማንያ አራት። ጻፍኩት፣ አበቃ። ከእንግዲህ ግን ጤና ጣቢያው ስለሚርቀኝ ከፈረቃ ስወጣ አባይ የሚባለው እህል ነጋዴ መጋዘን ገብቼ እመዘናለሁ። መንገዴ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ደጋን ጎረቤት ሆነን ስናድግ ሽማግሌ እናንተ ቤት ለመግባት በእኛ ደጅ ነበር የሚያልፈው። እናቴ በመስኮት እያየች «አየሽ? እንደ ዘይቱና ብትወፍሪ ኖሮ እዚህ ይገቡ ነበር» ትለኝና አብሹን በጣሳ ታስጨልጠኝ ነበር። «ከሳሽ፣ ከሳሽ፣ ምንድነው የበላሽ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይኸው በመጨረሻ ስወፍር ደግሞ ዓለም ቀጭን ፈለገ። ዕድሌን እይልኝ።

በርቺ። አላህ ይርዳን።

ታናሽሽ ፈትሂያ

·

ደሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈትዬ፣

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፣ ሙቀታችሁንም ትንሽ ወደዚህ ይላክልን።

ከሱብሂ በኋላ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ እወጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ጎረቤቴ ወርቅነሽ በሯን ከፍታ «ምነው ዘይቱና፣ ማን ሞቶ ነው በዚህ ማለዳ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፣ ስፖርት ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ድስት ምስር ይዛ መጣች። «ችግር ካለ ለምን አትነግሪኝም? መሕሙድ ሥራ አቆመ እንዴ?» ትለኛለች በሹክሹክታ! ምስሩን ሀናን በላችው። እኔ ሽታውን ብቻ።

ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን፣ የገብስ ቂንጬ። ሻይ ያለ ስኳር። ያለ ስኳር ሻይ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? የታጠበ ብርጭቆ ውኃ ማለት ነው።

ፒያሳ ሚዛን ይዞ አስፋልት ዳር ከሚቀመጠው ሰውዬ ዘንድ፣ ሰው እንዳያየኝ ጥላ ዘርግቼ ተመዘንኩ። ዘጠና። ሦስት ሳምንት ጦሳን ቧጥጬ አንድ ኪሎ! አንቺስ?

ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፦ ሰባ ስምንት!

እኔም አላመንኩም፣ ሁለት ጊዜ ወጣሁበት። ሰባ ስምንት። ከፋብሪካ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ባጃጅ በዓይኔም አላይ። ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ሴቶቹ ክር ማዞሪያው ጋ ከበውኝ «ምን ጠጥተሽ ነው?» ይሉኛል። አንዷማ የምበላውን ልትጽፍ ደብተር ይዛ መጣች።

አንቺ ተስፋ አትቁረጪ፣ እትዬ። ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። የሰውነት ጉዳይ ነው፣ አንዳንዱ ቶሎ ይለቃል፣ አንዳንዱ ይይዛል። አንድ ኪሎም ቢሆን አልሃምዱሊላህ ነው።

ደግሞ «ማሻአላህ» ማለት እንዳትረሺ። ዓይን አለ።

ፈትሂያ

·

ደሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈትሂያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ማሻአላህ። ይኸው ብያለሁ፣ ጽፌዋለሁም፣ ማስረጃ ይዘሻል።

እኔ ሰማንያ ስምንት ተኩል ነኝ። ለዶክተሩ ደውዬ ነገርኩት፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አለኝ። እኔ ግን ማታ እራት ላይ ያንቺን ለመሕሙድ ብነግረው «አይ፣ ፈትሂያማ ድሮም ጠንካራ ናት» አለና ሥጋውን በላ። ድሮም ጠንካራ ናት! ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ስለ እኔ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጎመኔን ትቼ ተነሳሁ። ልብ ብሎም አላየኝ።

እስቲ በአላህ፣ የምትበዪውን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፊልኝ። የደበቅሽኝ ነገር ካለ አሁን ተናገሪ፣ ቅር አልልም። ኮምቦልቻ አንድ የሚሸጥ ዱቄት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲያው ለማወቅ ነው።

ፎቶም ላኪ። በሙሉ ቁመናሽ። ማየት ማመን ነው።

ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘይቱና፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ሰባ ሰባት መግባቴን የነገርኩሽ የኅዳር 24 ወረቀቴ መልስ አጣ። አሁን ደግሞ ሰባ ስድስት ነኝ። ዱቄት የሚባል ነገር የለም፣ እግሬ ነው ዱቄቴ። ያልሽኝን ፎቶ ልኬልሻለሁ። ፎቶ ቤት ሄጄ ነው የተነሳሁት። ለመሕሙድም አሳዪው።

አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ባልፍ ይከነክነኛል። ደምለው ያየውን ነገረኝ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሦስት ቀን። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጣፋጭ ቤት፣ ጥግ ላይ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ። «ሙሸበኩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር» ነው ያለኝ። እትዬ፣ እኔን ለዚህ አስጀምረሽ አንቺ ሙሸበክ? ቃል የገባነው በአላህ ስም አይደለም እንዴ? ለረመዳን ምን ልትዪ ነው? እናትሽንስ ረሳሻት?

የምነግርሽ ስለምወድሽ ነው።

ፈትሂያ

·

ደሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈትሂያ፣

ከሳሽ! ወላሂ ከሳሽ! በደንብ አድርጌ አየሁሽ። ሌላ ቃል የለኝም።

ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለእትዬ ዘይቱና፣

የአላህ ሰላምና በረካ በቤትሽ ይዝነብ። ወረቀትሽን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት፣ አሁንም ትራሴ ሥር ነው። «ከሳሽ! ወላሂ ከሳሽ!» ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድሚ! ምን ያህል ብትደነግጪ ነው? እኔ በዚያ ሙሸበክ ነገር ክፉ ቃል ተናግሬሽ ሳለ፣ አንቺ ሁሉን ትተሽ ከሳሽ አልሽኝ።

እናቴ ይህችን ቃል ስትለኝ ስድብ ነበረች። ካንቺ አፍ ስትወጣ ማር ሆነችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ አንድ ቀን ዘይቱና እኔን አይታ ተደነቀች! አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ? አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እትዬ፣ ሰባ ስድስት አይደለሁም። ሰማንያ አንድ ነኝ።

አባይ ሚዛኑን የሚጠቀምበት ከገበሬ ሲገዛ ነው። መቶ ኪሎውን ዘጠና አራት ያደርገዋል። ስሙም አባይ፣ ሚዛኑም አባይ። መጀመሪያ አላወቅኩም፣ ወላሂ። ሰባ ስምንት ብዬ ከጻፍኩልሽ በኋላ አንድ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ተጣልቶት ጤፉን ወፍጮ ቤት ወስዶ አስመዘነ። እኔም ተከትዬ ሄጄ ወጣሁበት። ሰማንያ ሦስት። መንገር ነበረብኝ። ግን አንቺ «ማሻአላህ» ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ መሕሙድ ጠንካራ አለኝ፣ ሴቶቹ ደብተር ይዘው ከበቡኝ... አልቻልኩም። አንድ ጊዜ እንኳ አንቺን ልቅደም አልኩ።

ፎቶውም ጥቁር አባያ ነው፣ በጎን ዞሬ ነው። ፎቶ አንሺው «እህቴ፣ ተንፍሺ እንጂ!» እስኪለኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ከሳሽ ካልሽኝ ሰው ጋር ውሸት ይዤ መኖር አቃተኝ። አውፍ በዪኝ።

ፈትሂያሽ

·

ደሴ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፈትሂያ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከአንድ ወር በላይ መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ትናንት ሐኪም ቤት ነበርኩ። ዘጠና ሁለት። ስኳሬ ከመጀመሪያውም በልጧል። ዶክተሩ የካቲት 19 ተመልሼ እንድመጣ ነግሮኛል። ያን ቀን ካልወረደ መርፌው ይጀመራል። ረመዳን በሦስተኛው ቀን ይገባል።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ እርስዎም ይሥሩት። ኅዳር 19 ቀን እኔ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሼ ነበር። የእርስዎ ሰባ ሰባት ግን በትክክለኛው ሚዛን ሰማንያ ሁለት ነው፣ ሁለት ብቻ። እበልጥዎት ነበር። እየበለጥኩዎት ሳለ ተበለጥኩ ብዬ፣ «ዘይቱና፣ አንቺ አይሆንልሽም» ብዬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ግድግዳ እያየሁ ሙሸበክ በላሁ። እርስዎ እያወቁ።

ስለዚያች ቃልም ተሳስተዋል። የጻፍኩት ፍርድ ቤት የሚቆመውን ከሳሽ ነው። ደምለውን ምስክር አድርገው፣ እናቴን ከመቃብር ጠርተው የከሰሱኝን። እኔ «ሳ»ን አላልቼ ጻፍኳት፣ እርስዎ አጥብቀው አነበቧት። ፎቶዎን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፣ ለመሕሙድ አላሳየሁትም። ቅናት ነው፣ አልደብቅም።

ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። «እርስዎ» ከምትዪኝ ከሐረጎ ዳገት አናት ብትገፈትሪኝ ይሻለኝ ነበር። እንኳን ለእኔ፣ ለአማትሽም «እርስዎ» ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅ።

ያችን ወረቀት ከትራሴ ሥር አወጣኋት። ላላም ጠበቀም ልክ ነሽ። ከሳሽ ነኝ። እኔ ራሴ ጥፋተኛ ሆኜ ከሳሽ ሆንኩ።

ይቅርታ በወረቀት አይሞላም። ስለዚህ አንድ ሚዛን ገዛሁ፣ ሰው የሚመዘንበት፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ከእነሱ ጋር አስተያይቼዋለሁ። እሑድ ጠዋት ደምለው አንቺን ከደሴ አምጥቶ ሐረጎ አናቱ ላይ ያውርድሽ። እኔ ከታች ከኮምቦልቻ በኩል ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ሚዛኑን በፌስታል ይዤ ነው የምመጣው። ሁለታችንም በአንድ ሚዛን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንወጣበታለን። ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ፈረቃዬን አስቀይሬያለሁ። እስከ የካቲት 19።

ካልመጣሽም ሚዛኑን ይዤ እዚያው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ሹፌር ሁሉ እያየኝ ይለፍ።

ፈትሂያ

·

ደሴ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈትዬ፣

የአላህ ሰላም ላንቺ። ትናንት ስመለስ ደምለው ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። «እታለም፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይጠይቀኛል። ‹እነዚያ ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር ሚዛን ላይ እየተፈራረቁ የሚጨቃጨቁት ምን ሊሸጡ ነው?› ይሉኛል።»

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«‹ሞራ› አልኳቸዋ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ደምለው፣ ስለ ሙሸበክ ደግሞ ለማንም ትተነፍስና!» ብዬ በጥላዬ ትከሻውን አቀመስኩት። ወሬ ያመላልሳል እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።

አሁን እውነቱን ልጻፍ፣ ፊት ለፊት አልችለውም። አንቺ ስትወጪ ሚዛኑ ሰማንያ ሲል አየሁት። ቀናሁ። «ማሻአላህ» ያልኩሽ ሦስት እርምጃ ከሄድን በኋላ ነው፣ አስተውለሽ ይሆናል። ቁልቁለቱን አብሬሽ ከወረድኩ በኋላ ዳገቱን ለመመለስ ጉልበቴ እምቢ ሲል ምን እንደምል ታውቂያለሽ? «ያቺ ፈትሂያ ሰማንያ ገብታለች!» እላለሁ። እግሬ ራሱ ይነሳል። ጦሳ ላይ ብቻዬን ሳለሁ የምቀናበት ሰው በወረቀት ነበር፣ አሁን ፊቴ ፊቴ ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ቅናት መድኃኒት ነው መሰለኝ።

አውፍ ብዬሻለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ አምስት ኪሎ ያህል ይቀራል።

ነገ ስትመጪ የተቆላ ሽንብራ አምጪ። ጨው እንዳታበዢበት።

እህትሽ ዘይቱና

·

ደሴ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈትሂያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ትናንት ስልክ ደጋግመሽ ደውለሽ አለማንሳቴ እንዳይከፋሽ። በስልክ የተጀመረ አይደለምና በስልክ እንዲያልቅ አልፈለግኩም።

ጠዋት ገባሁ። ጫማዬን ሳይነግሩኝ አወለቅኩ። ወርቄን ግን አላወለቅኩም፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። ሰማንያ ስምንት። ነርሷ ጻፈችው። ከዚያ ደሜን ወስደው አስቀመጡኝ። ያን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። አጠገቤ አንዲት ሽማግሌ መርፌያቸውን በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል። እናቴን መሰሉኝ። ዱዓ ማድረግ ፈልጌ አፌ ላይ የመጣው ምን መሰለሽ? «ያ ረቢ፣ ለፈትሂያ ‹ሆነልኝ› ብዬ ሳልጽፍላት አታስቀረኝ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «ኪሎው ገና ነው» አለ። «ስኳሩ ግን ወርዷል። መርፌው ይቅር። ኪኒኑን ሰዓቱን አስተካክዬ እጽፍልዎታለሁ። በየሳምንቱ እየመጡ እየተለኩ ይጾማሉ፣ ከከበደዎት ያፈጥራሉ።» እኔ የሰማሁት «ይጾማሉ» የምትለዋን ብቻ ነው። «ደግመው ይበሉልኝ» አልኩት። ደገመልኝ።

ፎቶሽን ከመሳቢያ አውጥቼ ለመሕሙድ አሳየሁት። «ይህች ማን ናት?» አለ። «ትንፋሿን የያዘች ፈትሂያ ናት» አልኩት። ከዚያ ልብ ብሎ አየኝና «አንቺስ? ቀሚስሽ ሰፋ እንዴ?» አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት ጥያቄ! ጎመኔን ጨርሼ ነው የተነሳሁት።

በረመዳን ከአፍጥር በኋላ እዚሁ በየሰፈራችን እንራመዳለን፣ ከዒድ በኋላ ሐረጎ። ሚዛኑ አንቺ ጋ ይቆይ፣ አምኜሻለሁ።

ረመዳን ሙባረክ።

እህትሽ ዘይቱና

·

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘይቱና፣

ከሳሽ! ወላሂ ከሳሽ! በደንብ አድርጌ አየሁሽ።

ማሻአላህ ያልኩት ወዲያው አይደለም። ደብዳቤሽን አጥፌ ሚዛኑ ላይ ወጥቼ፣ ያው ሰማንያ መሆኔን አይቼ፣ ወርጄ፣ ትንሽ ተናድጄ፣ ከዚያ ነው ያልኩት። በቅናት ብዕሩን ስጫን ወረቀቱን በስቼዋለሁ፣ እዪው። ቢሆንም እትዬ፣ ይህችኛዋን «ሳ» አጥብቀሽ አንብቢያት።

ፈትሂያ